ዓይንና እጅ በአልጋው አጠገብ፦ ለኩላሊት ሐኪሞች አልትራሳውንድ ስለማስተማር



ኩላሊት ለሐኪም እጅ የማይመች አካል ነው። ልብን በማዳመጫ እንሰማዋለን። ጉበት ሲያብጥ ከጎድን አጥንት ሥር በጣታችን እናገኘዋለን። ሳንባንም በጣት መታ መታ አድርገን ውኃ መቋጠሩን እንለያለን። ኩላሊት ግን ከአንጀት ጀርባ፣ በስብ ተከቦ፣ ከፊሉም በጎድን አጥንት ተከልሎ ይኖራል፤ እጅግ ካላበጠ በቀር አይዳሰስም። ስለዚህ እኛ የኩላሊት ሐኪሞች ታማሚያችንን ስናውቅ የኖርነው በአብዛኛው በወረቀት ነው፦ በክሪያቲኒን፣ በዩሪያ፣ በፖታሲየም፣ በሽንት ምርመራ። ቁጥሩ ብዙ ይናገራል። ሆኖም ክሪያቲኒኑ 8 የሆነ ሰው ኩላሊቱ የተጎዳው በዚህ ሳምንት ይሁን ከዓመታት በፊት፣ የሽንት መውረጃው ይዘጋ ወይም ክፍት ይሁን፣ ቁጥሩ ብቻውን አይነግረንም።

ዛሬ እንድናገር የተጋበዝኩት የኩላሊት ስፔሻሊስት ለመሆን የሚሠለጥኑ ሐኪሞች፣ በሆስፒታል አነጋገራችን ፌሎዎቻችን፣ በታማሚው አልጋ አጠገብ ቆመው በገዛ እጃቸው አልትራሳውንድ እንዲሠሩ ስለማስተማር ነው። አቋሜን አስቀድሜ ልናገር። ይህ ክህሎት እንደ ባዮፕሲና እንደ ዳያሊሲስ ካቴተር አገባብ ሁሉ የሥልጠናው ግዴታ መሆን አለበት ብዬ አምናለሁ። መሣሪያ ገዝቶ ለሠልጣኝ ማደል ግን ማስተማር አይደለም። አልትራሳውንድ የያዘ ያልተማረ ሐኪም፣ አልትራሳውንድ ከሌለው ሐኪም የበለጠ ታማሚውን ሊጎዳ ይችላል። መሣሪያ የሌለው ሐኪም እንዳላየ ያውቃል፤ ያልተማረው ግን ያላየውን ነገር «የለም» ብሎ ካርዱ ላይ ይጽፋል።

መሣሪያው ራሱ ረጅም መንገድ መጥቷል። በግላስጎው የማኅፀንና ጽንስ ፕሮፌሰር የነበሩት ኢያን ዶናልድ በፋብሪካ ብረት ውስጥ ስንጥቅ የሚፈለግበትን መሣሪያ በሰው ሆድ ላይ ሞከሩት፤ ከጆን ማክቪካርና ከቶም ብራውን ጋር ሆነውም ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1958 ላንሴት በተባለው መጽሔት አሳተሙ። ያ ግዙፍ መሣሪያ ዛሬ በጋውን ኪስ የሚገባ፣ ከስልክ ጋር የሚገጠም ፕሮብ ሆኗል። የኩላሊት ሐኪም ራሱ ይሥራው የሚለው ሐሳብም አዲስ አይደለም፤ በአትላንታ በኤሞሪ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ቻርልስ ኦኒል እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ የኩላሊት ሐኪሞችን አልትራሳውንድ ሲያስተምሩ ቆይተዋል። ዕውቀቱ አለ፤ መሣሪያውም ከቀድሞው እጅግ ረክሷል። የጎደለን አስተማሪና ለማስተማር የተመደበ ሰዓት ነው።

አንድ ፌሎ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሊመልሰው የሚገባው ጥያቄ ቀላል ነው፦ ሽንቱ መንገድ አለው ወይስ ተዘግቷል? እንበል ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ አንድ የ70 ዓመት አዛውንት ከክፍለ ሀገር በአምቡላንስ መጡ። ክሪያቲኒናቸው 9 ነው፤ የመጡበት ወረቀት «ለዳያሊሲስ» ይላል። ልጃቸው ኮሪደር ላይ ቆሞ ገንዘብ ለማሰባሰብ ለዘመድ ይደውላል። ፌሎዋ «አባባ፣ ሽንትዎ እንዴት ነው?» ስትላቸው «ይመጣል ልጄ፣ ጠብ ጠብ ይላል» ይሏታል። ሽንት መምጣቱ መንገዱ ክፍት ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም፤ ከልክ በላይ የሞላ ፊኛም እየተረፈው ጠብ ጠብ ያደርጋል። ፕሮቡን ከእምብርታቸው በታች ስታሳርፈው ስክሪኑን የሞላ ጥቁር ከረጢት ታያለች። ወደ ጎን ዞራ ኩላሊቶቹን ስታይ ደግሞ ነጭ መሆን የነበረበት መካከላቸው ተከፍቶ በጥቁር ውኃ ተሞልቷል። ፕሮስቴታቸው አብጦ መንገዱን ዘግቶታል። ፖታሲየማቸው ካላስገደደ በቀር የዚያ ሌሊት ሕክምናቸው የሽንት ካቴተር ነው፤ ቀጥሎም ከእገዳው በኋላ በብዛት የሚወርደውን ሽንት እየለኩ የጠፋውን ፈሳሽ መተካት። አንገታቸው ላይ ትልቅ መርፌ ላይገባ ይችላል፤ ልጅየውም ለዳያሊሲስ ላይበደር ይችላል።

እንዲህ ያለው ታማሚ በአገራችን ብርቅ አይደለም። የማኅፀን በር ካንሰር ሁለቱንም የሽንት ቱቦዎች ጨምቆባት በሽታዋ መጀመሪያ በኩላሊት ድክመት የሚታወቅላት እናት አለች። በአዋሽ ሸለቆ ቆላማ ክፍል የሽንት ፊኛን የሚያጠቃው ብልሃርዝያ የቱቦውን ጫፍ አጥብቦት የመጣ ወጣትም አለ። ራዲዮሎጂስት በሌሊት በማይገኝበት ሆስፒታል ይህን ጥያቄ የሚመልስ ሰው እስኪነጋ መጠበቅ ኩላሊት ሊያስከፍል ይችላል።

ፌሎው የፊኛውን ርዝመት፣ ስፋትና ውፍረት በሴንቲሜትር ለክቶ ሲያባዛና በ0.52 ሲመታው በፊኛው ያለውን ሽንት በሚሊሊትር ያገኛል። 10 በ8 በ8 ቢሆን 333 ሚሊሊትር ያህል ነው። ይህ በአንድ ከሰዓት በኋላ የሚያልቅ ትምህርት ነው። ጊዜ የሚጠይቀው ወጥመዱን ማወቅ ነው። ሰውየው ፈሳሽ አጥሮት ከሆነ ወይም ቱቦዎቹን ዕጢ ጠፍንጎ ከያዛቸው፣ መንገዱ ተዘግቶም ኩላሊቱ ላይሰፋ ይችላል። በኩላሊት መካከል የተሰባሰቡ ሲስቶች የተዘጋ ኩላሊት ይመስላሉ። በነፍሰ ጡር ሴት፣ በተለይ በቀኝ በኩል፣ መጠነኛ መስፋት በእርግዝናው የመጣ ተፈጥሯዊ ነገር ነው። ፊኛ ከመጠን በላይ ሲሞላም ጤነኛ ኩላሊት የሰፋ ይመስላል፤ ስለዚህ ሽንት ካስወጡ በኋላ ደግሞ ማየት ያስፈልጋል። እነዚህን የማያውቅ ፌሎ ያየውን በትክክል ያያል፤ ፍርዱን ግን ይስታል።

ስለ ኩላሊት መጠን ብዙ አልቆይም። የአዋቂ ሰው ኩላሊት ብዙውን ጊዜ ከ9 እስከ 12 ሴንቲሜትር ይረዝማል። ሁለቱም ተኮማትረው፣ ቆዳቸው ሳስቶና ከጉበት ይበልጥ ነጥቶ ከታየ በሽታው የቆየ ነው፤ ባዮፕሲ ከሚሰጠው ጥቅም ጉዳቱ ሊያመዝን ይችላል። ሆኖም በስኳር፣ በኤች አይ ቪና በአሚሎይድ የተጎዳ ኩላሊት በሽታው ቆይቶም መጠኑን ሊጠብቅ ስለሚችል «ትልቅ ነው፤ እንግዲህ አዲስ ሕመም ነው» ብሎ መደምደም አይቻልም።

ብዙ የሚያከራክረን የውኃ ጉዳይ ነው። ዳያሊሲስ ላይ ላለ ሰው በየቀጠሮው የምንወስነው ከባዱ ነገር ምን ያህል ውኃ እናውጣ የሚለው ነው። በአገራችን ብዙዎች ወጪውን ከኪሳቸው ስለሚሸፍኑ በሳምንት ሦስት ጊዜ መታጠብ የሚገባቸው ሁለት ጊዜ ብቻ ይታጠባሉ፤ በሁለቱ ቀኖች መካከል የሚጠራቀመው ውኃም ያን ያህል ይከብዳል። ብዙ ብናወጣ ግፊታቸው ወርዶ ራሳቸውን ይስታሉ፤ ትንሽ ብናወጣ ሌሊት ትንፋሽ አጥሯቸው ተቀምጠው ያድራሉ። የእግር እብጠት ዘግይቶ ይመጣል፤ ማዳመጫውም የሳንባን ውኃ ብዙ ጊዜ ያመልጠዋል። በአልትራሳውንድ ግን ውኃ የቋጠረ ሳንባ ከሽፋኑ ተነሥተው እስከ ስክሪኑ ግርጌ የሚወርዱ፣ ከትንፋሽ ጋር የሚንቀሳቀሱ ነጭ መስመሮች ያሳያል። ቢ መስመር እንላቸዋለን። በአንድ የጎድን አጥንት ክፍተት ሦስትና ከዚያ በላይ ሲታዩ ትርጉም አላቸው። እጥበቱ እየተካሄደ ውኃው ሲወጣ እነዚያው መስመሮች ይቀንሳሉ፤ ፌሎ ይህን አንድ ጊዜ በዓይኑ ካየ የውኃን ጉዳይ ከመጽሐፍ ከተማረው በተለየ ይገባዋል።

ወደ ልብ የሚገባውን ትልቁን የደም መልስ ቧንቧም እናያለን። ስፋቱ ከ2.1 ሴንቲሜትር በታች ሆኖ በአየር ስባት ጊዜ ከግማሽ በላይ ሲጠብ በልብ ቀኝ ክፍል ያለው ግፊት ዝቅተኛ እንደሆነ ይገመታል፤ ሰፊ ሆኖ ካልጠበበ ግፊቱ ከፍተኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የሞንትሪያል ሐኪሞች ከልብ ቀዶ ሕክምና በኋላ የሚመጣን የኩላሊት ጉዳት ሲያጠኑ ቬክሰስ የተባለ ደረጃ አወጣጥ አቀረቡ፤ በእሱ የጉበት፣ የፖርታልና የኩላሊት ደም መልሶች ፍሰት በዶፕለር ይታያል። ይህ ለእኛ ሙያ ትልቅ ነገር ነው፤ በደም መልስ በኩል የተጨናነቀ ኩላሊት ተጨማሪ ፈሳሽ ቢሰጠው ይበልጥ ሊጎዳ እንደሚችል በዓይን እንድናይ ያደርገናልና።

እዚህ ላይ ወጣት ባልደረቦቼን አደራ የምላቸው ነገር አለ። አንድ ቧንቧ ለክታችሁ ስለ አንድ ሰው ውኃ አትፍረዱ። ቧንቧው በትንፋሽ ወደ ጎን ሲንሸራተት የጠበበ ይመስላል። ጀማሪ ከአኦርታ ጋር ይቀያይረዋል። በመተንፈሻ ማሽን ላይ ያለ ሰው፣ የልቡ ቀኝ ቫልቭ የሚያፈስ ሰው፣ ከዚህ ልኬት ጋር አይገጥሙም። ቢ መስመርም በሳንባ ምችና በሳንባ ጠባሳ ይመጣል። ላስት የተባለው ዓለም አቀፍ ጥናት፣ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመው፣ የዳያሊሲስ ታማሚዎችን በሳንባ አልትራሳውንድ እየተመራ ሲያክም የሳንባ ውኃ ቀንሷል፤ ሞትን፣ ድንገተኛ የልብ ጡንቻ ጉዳትንና የልብ ድካም መባባስን በአንድነት በያዘው ዋና መለኪያ ግን ከተለመደው ሕክምና ግልጽ ብልጫ አላሳየም። ይህን ለፌሎዎቻችን መንገር አለብን። ምስሉ የታማሚውን ቃል፣ የደም ግፊቱን፣ ክብደቱንና የልቡን ድምፅ አይተካም፤ ከእነዚያ ጋር ሲነበብ ግን ውሳኔያችንን ያጠራዋል።

አሁን ወደ መርፌው ልምጣ፤ በሥልጠናው ውስጥ አብዝቼ የምጨነቀው ለእሱ ነው። የእንግሊዝ የጤና ጥራት ተቋም ናይስ ካቴተር በአንገት ደም መልስ ሲገባ በአልትራሳውንድ እየታየ እንዲሆን የመከረው እ.ኤ.አ. በ2002 ነው። በአንገት ላይ የደም መልሱና የደም ቅዳው ጎን ለጎን፣ አንዳንዴም አንዱ በሌላው ላይ ተደርበው ይሄዳሉ። የዳያሊሲስ ካቴተር ወፍራም ነው፤ ደም ቅዳ ውስጥ ቢገባ ጉዳቱ ለሕይወት ያሰጋል። ፌሎው መጀመሪያ በፕሮቡ ቀስ ብሎ ይጫናል፤ ጤነኛ ደም መልስ ይደፈጠጣል፤ ደም ቅዳ ክብ ሆኖ እየመታ ይቀራል። ካልተደፈጠጠ ምናልባት በቀድሞ ካቴተር ምክንያት ደም ረግቶበታል፤ በዚያ በኩል መሞከር ልክ አይሆንም።

ከዚያ የሚመጣው ስሕተት ስውር ነው። ቧንቧውን በአግድሙ ስታዩት መርፌው ነጭ ነጥብ ሆኖ ይታያል። ያ ነጥብ የመርፌው ጫፍ ይሁን ወገቡ ምስሉ አይለይላችሁም። ጀማሪው ነጥቡን በቧንቧው መካከል አይቶ ደስ ይለዋል፤ ጫፉ ግን የኋላውን ግድግዳ አልፎ ሄዷል። ስለዚህ ፕሮቡን ጥቂት ወደፊት ገፍቶ ነጥቡን ማጥፋት፣ ከዚያ ነጥቡ እንደገና እስኪታይ መርፌውን መግፋት፣ ፕሮቡ እየቀደመ መርፌው እየተከተለ መሄድ አለበት። ሽቦው ከገባ በኋላም፣ ማስፊያው ሳይገባ በፊት፣ ሽቦው በደም መልሱ ውስጥ መሆኑን በአግድምም በቁመትም አይቶ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ያ ማረጋገጫ ጊዜ አይፈጅም፤ እኔ ያለ እሱ ማስፊያ የሚያስገባ ሠልጣኝ ባይኖር እመኛለሁ።

እንዲህ ያለ እጅ በታማሚ አንገት ላይ አይጀመርም። ጄላቲን በዕቃ ውስጥ አርግቶ፣ የጉሉኮስ መስጫ ላስቲክ ቱቦ ውኃ ሞልቶ በውስጡ መቅበር ይቻላል፤ ወጪው ኢምንት ነው። ፌሎው ዓይኑን ከስክሪኑ ሳይነቅል እጁ መንገዱን እስኪያውቅ፣ በገና ደርዳሪ ጣቱን ሳያይ አውታሩን እንደሚያገኘው እስኪሆን ድረስ፣ እዚያ ይወጋ። ለባዮፕሲም እንዲሁ ነው። ኢቨርሰንና ብሩን እ.ኤ.አ. በ1951 ከኮፐንሃገን የኩላሊት ባዮፕሲን ሲያስተዋውቁ ኩላሊቱን በቀጥታ አያዩትም ነበር። እኛ መርፌው ወደ ኩላሊቱ የታች ጫፍ ሲሄድ እያየነው ነው፤ ይህን ዕድል የምናገኝ ሰዎች ሳናይ ልንወጋ አይገባንም።

ፊስቱላንና የተተከለ ኩላሊትን ባጭሩ ላንሳ። ለፊስቱላ የአሜሪካው መመሪያ የስድስቶች ደንብ ይታወቃል፦ በ6 ሳምንት ገደማ፣ በደቂቃ 600 ሚሊሊትር ፍሰት፣ ቢያንስ 6 ሚሊሜትር ስፋት፣ ከቆዳ ከ6 ሚሊሜትር ያልጠለቀ። ይህን የለካ ፌሎ ለሲስተሮቹ መርፌው የት እንደሚገባ ያሳያቸዋል፤ ታማሚውም ክንዱ በከንቱ አይወጋበትም። በአገራችን የኩላሊት ንቅለ ተከላ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሜዲካል ኮሌጅ በመስከረም 2008 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ በታችኛው ሆዳቸው አዲስ ኩላሊት የያዙ ሰዎች በክሊኒካችን አሉ። ያ ኩላሊት ነርቮቹ ስለተቆረጡ ቢዘጋም ሕመም አያሰማም። ከቆዳ ሥር ቅርብ ስለሆነ ግን ለፕሮብ ከማንኛውም ኩላሊት ይቀላል። ዝም ብሎ የሚጎዳ አካል ላይ በየቀጠሮው ፕሮብ ማሳረፍ ምን ይከብዳል?

እንግዲህ እንዴት እናስተምር? መጀመሪያ ጤነኛውን እንዲያዩ ማድረግ ነው። ፌሎዎች እርስ በርሳቸው ጎን ለጎን ተጋድመው ይታያዩ። ብዙ ጤነኛ ኩላሊት ያላየ ዓይን የታመመውን አይለይም። ከዚያ እያንዳንዱ ምርመራ በጥያቄ ይጀምር። ፕሮብ ያነሣችውን ሠልጣኝ «ዶክተር፣ ምን ልትመልሺ ነው?» ብዬ እጠይቃለሁ። «ልየው ብዬ ነው» ካለች ፕሮቡን አስቀምጣ ወደ ካርዱ ትመለስ። «ሽንቱ ተዘግቶ እንደሆነ» ካለች ደግሞ መልሷ ከሦስቱ አንዱ ብቻ ሊሆን ይችላል፦ ተዘግቷል፤ አልተዘጋም፤ በደንብ ማየት አልቻልኩም። ሦስተኛውን መልስ ሳያፍሩ እንዲሰጡ ማድረግ የአስተማሪው ሥራ ነው። በእኛ አገር የሥልጠና ባህል ደቀ መዝሙር በመምህሩ ፊት «አላየሁም» ማለት ይከብደዋል፤ በዋርድ ጉብኝት ላይ ብዙ ሰው ቆሞ እየሰማ ደግሞ ይበልጥ። እኛ መምህራን አንድ ፌሎ «የግራው ኩላሊት በአየር ተከልሎብኛል፤ ራዲዮሎጂ ይይልኝ» ሲል በሁሉም ፊት ልናመሰግነው ይገባል። ያ ዓረፍተ ነገር በካርዱ ላይ መጻፍ አለበት፤ ከማታው ተረኛ ጀምሮ እስከ ራዲዮሎጂስቱ ድረስ ሁሉም ያነበዋልና።

ራዲዮሎጂስት ባልደረቦቻችን በዚህ ሥራ መምህሮቻችን ናቸው። የአልጋ አጠገቡ ምርመራ ጥቂት ጥያቄዎችን ይመልሳል፤ በመንገድ የተገኘ ዕጢ፣ ያልተለመደ ሲስት፣ ግር ያለ ጥላ ሁሉ ወደ እነሱ ይሂድ። ታማሚውም «ይህ ሙሉ ምርመራ አይደለም፤ አንድ ነገር ብቻ ለማየት ነው» ተብሎ በግልጽ ይነገረው፤ «አልትራሳውንድ ታይቼ ነፃ ነኝ» ብሎ ወደ ቤቱ እንዳይሄድ።

ስንት ጊዜ ሲሠሩ ብቁ ይሆናሉ የሚል ጥያቄ ሁልጊዜ ይነሣል። የአሜሪካ የድንገተኛ ሐኪሞች ኮሌጅ ለእያንዳንዱ የምርመራ ዓይነት ከ25 እስከ 50 የተገመገመ ምርመራ ይመክራል። ክብደቱ ያለው «የተገመገመ» የሚለው ላይ ነው። ማንም ሳያየው 200 ጊዜ የተሠራ ስሕተት ይደነድናል እንጂ አይታረምም። ስለዚህ ምስሉ ይቀመጥ፤ በሳምንት አንድ ሰዓት መምህርና ፌሎዎች ተቀምጠው ምስሎቹን ከራዲዮሎጂ ውጤትና ከታማሚው ፍጻሜ ጋር ያስተያዩ። ምስል በቴሌግራም የሚላላኩ ሠልጣኞች የታማሚውን ስም ከስክሪኑ ላይ ያጥፉ። መጨረሻ ላይ ብቃታቸውን የሚመሰክረው መምህር በዓይኑ አይቷቸው ይፈርም።

ንጽሕናን ሳልጠቅስ ባልፍ በደል ይሆንብኛል። በዳያሊሲስ ክፍል የጉበት ቫይረስ ቢና ሲ ያለባቸው ሰዎችም ይታከማሉ። ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሄድ ያልጸዳ ፕሮብ በሽታ ይዞ ሊሄድ ይችላል። ጄሉ ይጠረግ፤ ፕሮቡ በየሰዉ መካከል አምራቹ በፈቀደው ማጽጃ ይወልወል፤ መርፌ ሲኖር ደግሞ ስቴራይል ሽፋንና ስቴራይል ጄል ይሁን። ይህን የሚማሩት ከእኛ ከመምህራኑ እጅ ነው፤ እኛ ስንቸኩል ካዩን ይቸኩላሉ።

የሆስፒታል ኃላፊዎች ዛሬ እዚህ ስላላችሁ ጥያቄዬን በግልጽ ላቅርብ። ለእያንዳንዱ የኩላሊት ሥልጠና ፕሮግራም ከዋርድና ከክሊኒክ ሥራ ነፃ የሆነ አንድ የመምህር ግማሽ ቀን በሳምንት ስጡን፤ በበጀት ዝርዝራችሁም የመምህሩን ሰዓት ከመሣሪያው ግዢ አስቀድሙልን። ከራዲዮሎጂ ክፍል አንድ ባልደረባ በሳምንታዊው የምስል ግምገማ እንዲገኝ በደብዳቤ መድቡልን። ሥልጠናቸውን ጨርሰው ወደ ክልል ሆስፒታሎች የሚመደቡ ሐኪሞች ደግሞ ቢያንስ ለመጀመሪያው ዓመት ምስሎቻቸውን ወደ ቀድሞ መምህሮቻቸው ልከው የሚያስገመግሙበት መንገድ ይዘርጋላቸው። የመጀመሪያውን የጄላቲን ልምምድ በሚመጣው ወር ለመጀመር ዕቃው ተዘጋጅቷል፤ መሳተፍ የምትፈልጉ ፌሎዎች ከዚህ ስብሰባ በኋላ ስማችሁን አስመዝግቡ።